ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤትና የውጭ ቋንቋ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ፤ የምኖረው አያት መጨረሻ፣ ወደ ለገጣፎ መውጫ ነው። ጠዋት ሰርቪስ ስንጠብቅ ወላጆች የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ።

ታፔላው ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚል ሁሉ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ነው?

አይደለም። ከሰሚት እስከ ለገጣፎ ባለው መንገድ ቃሉ የሌለበትን ታፔላ መቁጠር ይቀላል። ብዙዎቹ የሚያስተምሩት የአገራችንን ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛው ጠንከር ይላል እንጂ። ይህ ነውር አይደለም። ጎበዝ የሆኑም አሉ። ግን ተጨማሪውን ብር የሚከፍሉት ለውጭ ቋንቋ ብለው ከሆነ ልዩነቱን ማወቅ አለብዎት።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት የሚያወጡት ካምብሪጅም ሆነ አይቢ የሚባለው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት እውቅና የሰጧቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ስሙን ስልክዎ ላይ ይፈልጉ፤ ከሌለ የለም። ቀጥሎ ቢሮ ገብተው የክፍሉን ፕሮግራም ያሳዩኝ ይበሉ። ቋንቋው በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አለው? መምህሩ ማነው? ስንት ዓመት ቆየ? ግቢው ውስጥ ያለውን የመዋኛ ገንዳ ከዚያ በኋላ ይጎበኙታል።

የትኞቹ ቋንቋዎች ይሰጣሉ?

በአብዛኛዎቹ መማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ተጨማሪ ቋንቋ ሲባል ፈረንሳይኛ ይቀድማል፤ ዓረብኛና ቻይንኛም የሚሰጡ አሉ። ሊሴ ገብረ ማርያም ደግሞ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለሆነ ፈረንሳይኛው ራሱ ነው መማሪያው።

«ለምን ፈረንሳይኛ?» ለሚሉኝ፦ አፍሪካ ኅብረት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ጅቡቲ ጎረቤታችን ናት። ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቋንቋውን ይዞ ነው የመጣው። «ለገሃር» ስንል ፈረንሳይኛ እያወራን ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። «ቢሮ» እና «ኤታማዦር»ም ከዚያው ቤት ናቸው።

ከስንት ዓመቱ ቢጀምር ይሻላል?

ሕፃናት ድምፅ ይይዛሉ። የአምስት ዓመት ልጅ የፈረንሳይኛውን «ር» ከጉሮሮው ሲያወጣው አፌን ከፍቼ አያለሁ። ግን ትልቅ የሚሆኑትም አይናቁ። የ12 ዓመት ልጅ ሰዋስው ይገባዋል፣ ደብተር ይይዛል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከትንሹ ፈጥኖ ይሄዳል። ትንሹ የሚቀድመው በየቀኑ ብዙ ሰዓት ሲሰማ ነው። በሳምንት ሁለቴ መዝሙር የሚዘምር የኬጂ ልጅ መዝሙሩን ያውቃል፤ ቋንቋውን አያውቅም። «ረፈደበት» ብለው አይጨነቁ።

ሦስት ዓመት ተምሮ አሁንም ሰላምታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥፋቱ የማነው?

አብዛኛውን ጊዜ የማንም አይደለም፤ ሒሳብ ነው። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢሆን ሁለት ሰዓት ነው። ዓመቱ 36 የትምህርት ሳምንት ቢኖረው 72 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ላይ የፈተና ሳምንት፣ የስፖርት ቀን፣ የወላጆች ቀን ይቀነሳል።

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ደረጃ ስድስት እርከን አለው፤ ከኤ1 ይጀምርና ሲ2 ላይ ያበቃል። እንደ ፈረንሳይኛ ላለ ቋንቋ ኤ2 ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት ትምህርት ይገመታል። ኤ2 ማለት ስለ ራሱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሰፈሩ በቀላል ዓረፍተ ነገር ማውራት ነው። በ72 ያካፍሉት፤ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ። ተሟግቶ የሚረታበት ቢ2 ከ500 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ተምሮ ስለ እህቱና ስለ ውሻው አራት ዓረፍተ ነገር ካወራ ልጅዎ በሰዓቱ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለምና ቁጥር ብቻ ሲደጋግም ከከረመ ግን ያኔ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ።

ምርጫ ሰጥተውናል፦ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ ወይስ ቻይንኛ?

እኔ የፈረንሳይኛ መምህር ነኝ፤ ምክሬን በዚያው ልክ ይውሰዱት። መጀመሪያ የምጠይቀው «ልጁ ከክፍል ውጭ የትኛውን ይሰማል?» ነው። ቁርዓን የሚቀራ ልጅ የዓረብኛውን ፊደል ይዞ ነው የሚመጣው። ዱባይ ወይም ቤይሩት ዘመድ ያለውም እንዲሁ። ቻይንኛ አራት ቃና አለው፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። ጽሕፈቱም ትዕግሥት ይጠይቃል። መሳል የሚወድ ልጅ ግን ሲወደው አይቻለሁ።

ልዩነቱን በቁጥር ለሚፈልግ፦ የአሜሪካ መንግሥት ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ለፈረንሳይኛ ከ600 እስከ 750 ሰዓት፣ ለዓረብኛና ለቻይንኛ 2,200 ሰዓት ይመድባል። ይህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛን 1,100 ሰዓት ሰጥተውታል፤ ልጅዎ ሳይከፈልበት የያዘው ቋንቋ ለነሱ ከፈረንሳይኛ ይከብዳል ማለት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ምን ይቀለዋል? ምን ይከብደዋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ፈረንሳይኛ ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት «አንተ» አለው፤ አንዱ ለጓደኛ፣ ሌላው ለሚከበር። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ይህን ለመልመድ ወር ይፈጅባቸዋል። የእኛ ልጅ «አንተ»ና «እርስዎ» ስለው በአንድ ደቂቃ ገባው። የአክብሮቱ ቃል ብዙ ሰውንም ያመለክታል ስለውም አልገረመውም፤ እኛም «አባባ መጡ» ስንል ግሱን እንደ ብዙ ሰው ነው የምናደርገው። ዓረብኛ ላይማ ገና ሲጀምር ዘመድ ያገኛል። ለወንድ «አንተ»፣ ለሴት «አንቲ» ይላሉ። ቤት «በይት»፣ ስም «ኢስም»፣ ነፍስ «ነፍስ» ነው። ቃል ከሦስት ተነባቢ የሚወለድበት አሠራርም አንድ ነው። «ገና» ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ እንደሚለያይ የሚያውቅ ልጅ የዓረብኛው መጥበቅ አይቸግረውም። እንዲያውም እነሱ ምልክት ያደርጉበታል፤ እኛ አንባቢው ይወቀው ብለን ትተነዋል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ሁለት ተነባቢ ተከታትለው ሲመጡ ልጆቻችን ፊት ወይም መሃል ላይ «እ» ይጨምራሉ፤ «እስፖርት»፣ «እስታዲየም» እንደምንለው። ፈረንሳይኛ ውስጥ ይህች «እ» ቶሎ ትሰማለች። በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችም ጊዜ ይወስዳሉ። ዓረብኛ ላይ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ እኛ በጽሕፈት ይዘናቸው በአፍ ያጣናቸው። አያቶቻችን ፊደሉን ለምን እንዳልጣሉት ለልጁ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጾታ ያስቃል። እኛ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ ዓረቦችም ሴት ናት ይላሉ፤ ፈረንሳዮች ወንድ አድርገዋታል። ወንበሯ ሴት፣ አልጋው ወንድ፤ ለምን ቢሉ መልስ የለም፤ ከነጾታው መያዝ ብቻ ነው። ሰዓት ግን ዋናው ወጥመድ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ፈረንሳይኛው ስምንት ይላል። አንድ ተማሪዬ ፈተና ላይ «ቁርስ የምበላው ሌሊት አንድ ሰዓት ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ነጥብ ልቀንስበት አልቻልኩም።

እንግሊዝኛው እንዲጠነክር ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ እናውራ?

አይ! ከጥያቄዎቹ ሁሉ ድምፄን ከፍ የሚያስደርገኝ ይኸኛው ነው። ሰርቪስ ስንጠብቅ በየቀኑ እሰማለሁ። «ካም ሂር፣ ጃኬትህን ዌር አድርግ፣ ፋስት ፋስት!» ወላጅ ይህን የሚያደርገው ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ግን ያስቡት። እርስዎ በአማርኛ ይቀልዳሉ፣ ያባብላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያስረዳሉ፣ የልጅነትዎን ታሪክ ያወራሉ። በእንግሊዝኛ ሲሆን የቀረዎት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ብላ፣ ተኛ፣ ቶሎ በል። ልጁ ከሀብታም ቋንቋ ወጥቶ ወደ ደሃ ቋንቋ ገባ ማለት ነው። እንግሊዝኛውንማ ትምህርት ቤት ከእርስዎ በተሻለ እየሰጠው ነው፤ የከፈሉትም ለዚያ ነው።

ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሥዕል አሳይቼ «ልጁ ለምን ያለቀሰ ይመስላችኋል?» ስል፣ ቤቱ በአንድ ቋንቋ በደንብ የሚወራለት ልጅ ምክንያት ይደረድራል። ፈረንሳይኛው ይጎድለዋል እንጂ ሐሳቡ አለ፤ ቃል ብቻ ነው የምሰጠው። ሁለቱም ቋንቋ የተሰባበረበት ልጅ ግን ትከሻውን ይሰብቃል። ቃል ብሰጠውም የሚሰቅልበት የለውም። ማንበብም እንዲሁ ነው። ፊደል ቆጥሮ አማርኛ የሚያነብ ልጅ፣ ድምፅና ምልክት እንዴት እንደሚገናኙ አንዴ ገብቶታል፤ ሌላውን ቋንቋ ሲያነብ ያንን እንደገና አይማረውም።

እኔም አልዳንኩም። ልጄ ትንሽ እያለ ቤታችን ጉራማይሌ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን ለፋሲካ መጥታ «እስቲ ውኃ አቅምሰኝ» ብትለው በማንኪያ ይዞላት መጣ። እየሳቀች ጠጣችው፤ እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አንድ ደንብ አወጣን፤ እራት ላይ አማርኛ ብቻ። ቅዳሜ ለአያቱ ይደውላል፤ እሷ «ተረት ተረት» ስትል እሱ «የላም በረት» ይላል። መንገድ ላይ ታፔላ ያነባል። ቃል ሲቀላቅል አንቆጣም፣ አናሾፍም። ትክክለኛውን ደግመን እንልለታለን፤ በቃ። መቀላቀል በሽታ አይደለም፤ እኛም «ቻርጀሬን አየኸው?» ነው የምንለው።

እንግሊዝኛ እንደ ወፍ ያወራል፤ ሳይንስ ፈተና ላይ ግን ይወድቃል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ ሁለት ናቸው። ካናዳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ይህን ለይቶ አሳይቷል። ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለማውራት አንድ ሁለት ዓመት ይበቃዋል፤ መጽሐፉን ተረድቶ እንደ እኩዮቹ ለመጻፍ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሜዳ ላይ «ፓስ! ፓስ!» የሚለው ልጅ «ትነት» እና «ጥዘት» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ገና አልያዛቸውም ይሆናል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቤት ነው። ትምህርቱን በአማርኛ ያስረዳዎት። «ውኃው የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁት። በአማርኛ ካስረዳዎት የጎደለው ቃል ነው፤ ቃል ይጠናል። በአማርኛም ካቃተው ትምህርቱ ራሱ አልገባውም፤ ወደ መምህሩ ይሂዱ። በነገራችን ላይ አዲስ ገብቶ ለጥቂት ወራት ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ሕፃን ካለዎት አይደንግጡ። እያዳመጠ ነው።

እኛ ፈረንሳይኛ አንችልም። እንዴት እናግዘው?

ተማሪው ይሁኑ። ማታ አሥር ደቂቃ ያስተምርዎት። እርስዎ ሲሳሳቱ ይስቅብዎታል፣ ያርምዎታል። ልጅ እንደዚያ ሲያስተምር የሚያጠናው ለብቻው ከሚያጠናው ይበልጣል። ሰርቪስ ላይ የሚያጠፋው ሰዓትም አለ። ዋይፋይ ባለበት አጫጭር የልጆች ታሪኮች ስልክ ላይ ያውርዱለት፤ መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋም ይሰማል። አንዱን ታሪክ ሃያ ጊዜ ቢሰማው አይጠላውም፤ የሚሰለቸን እኛን ነው።

ፒያሳ በኩል አልያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አለ። የልጆችም የአዋቂዎችም ትምህርት ይሰጣል። ከአያት ፒያሳ ቅዳሜ መውረድ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ከቻሉ ግን ይሞክሩት።

አስጠኚ ልቅጠር?

የቤት ሥራውን የሚሠራለት አስጠኚ ከሆነ አይቅጠሩ። የሚያወራው ከሆነ ይቅጠሩ። ፈረንሳይኛ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት መጥቶ ካርታ እየተጫወተ ቢያወራው ከሦስት ሰዓት የደብተር ጥናት ይሻላል።

ዴልፍ የሚባለው ፈተና ያስፈልገዋል?

ዴልፍ የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የቋንቋ ምስክር ወረቀት ነው። የሕፃናትና የታዳጊዎች የራሳቸው ፈተና አላቸው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ ይይዛሉ። ለማለፍ ከመቶ 50 ያስፈልጋል፤ ከአንዱም ክፍል ከ5 በታች ማምጣት ግን አይቻልም። ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ አይኤልትስና ቶፍል ግን ውጤታቸው የሚጸናው ሁለት ዓመት ነው፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ አይኤልትስ እንዲወስድ ማስቸኮል ብር መጣል ነው።

ለትንሽ ልጅ ኤ1 መፈተኑ ለሞራሉ ጥሩ ነው፤ ለሥራ ማመልከቻው ግን ምንም አያደርግለትም። ፈረንሳይ ሄዶ በፈረንሳይኛ ለሚማር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቢ2 ይጠይቃሉ። ክፍያውን አስቀድመው ይጠይቁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚሰላ ነገር ሁሉ ከቀድሞው ዋጋ ጋር አይገናኝም።

መምህሯ በዓመቱ መሃል ለቀቀች። አዲሱ መምህር ከ«ቦንዡር» ጀመረ። ምን እናድርግ?

ይህ የሰፈራችን የዘወትር ችግር ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትራንስፖርት አስቸጋሪ ነው፣ የቋንቋ መምህር ደግሞ መሃል ከተማ ሥራ አያጣም። አንድ ጊዜ እኔም በኅዳር ክፍል ተረክቤ ከቀድሞው መምህር የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ አላገኘሁም። የልጆቹን ደብተር ለምኜ ነው የት እንደደረሱ ያወቅኩት።

ስለዚህ ደብተር አይጣሉ፤ ያለፈውንም ዓመት። ለአዲሱ መምህር ይዘው ይሂዱ። የተቆጣ ወላጅ ሆነው ሳይሆን «እዚህ ደርሰው ነበር» ብለው ያሳዩት። አብዛኞቻችን እናመሰግናለን።

ክፍያው ከብዶናል። ወደ አገር ውስጥ ሥርዓተ ትምህርት ብንመልሰው ቋንቋው ይጠፋል?

ፈረንሳይኛው ካልተነካ ይዳከማል፤ ትንሽ ክለብ ወይም የቅዳሜ ትምህርት ይያዝለት። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ አማርኛው ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አዲስ አበባ ላይ አማርኛ አለው። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለቴ አማርኛ የተማረ ልጅ እዚያ ሲደርስ ሰዋስውና ድርሰት ይከብደዋል። ለመመለስ ካሰቡ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድመው፣ ከፈተናው ዓመት በፊት ይሁን። ሌሎች ትምህርቶችም በአማርኛ ሊጠብቁት ይችላሉ።

የምንኖረው ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ አሁን ደግሞ አፋን ኦሮሞ አይበዛበትም?

ቁጥሩ አያስፈራኝም። ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ሦስት አራት ቋንቋ እያጣቀሰ ይጫወታል፤ ማንም «በዛበት» አይለውም። አንድ ቦታ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ፊደል ላይ። የአፋን ኦሮሞው ጽሕፈት፣ ቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ድምፁ ግን ከእንግሊዝኛው ይለያል። ኤክስ የምንላት ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት፤ ሲ የምንላት «ጭ» ናት። እንግሊዝኛና ቁቤን በአንድ ወር የጀመረ የ1ኛ ክፍል ልጅ ይምታታበታል። አንዱን ማንበብ ሲለምድ ሌላው ይከተል፤ መናገሩን ግን ማዘግየት አያስፈልግም።

አፋን ኦሮሞውን መናገር ለመልመድ ደግሞ ክፍያ አያስፈልግም። ከኛ ግቢ ጀርባ ላም የሚያረቡ እናት አሉ። ልጄን ለወተት ስልከው መጀመሪያ በጣቱ ነበር የሚያሳያቸው። አሁን ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ከበሩ ላይ «አናን ሜቃ?» ይላል፤ ወተት ስንት ነው ማለቱ ነው። እሳቸውም ለሱ ሲሉ ዋጋውን ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ ይነግሩታል።